የወይራ አርጩሜ ይዤ ትምህርት ቤት የሄድኩ ለት

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ሶልያና ፍኖተ ሰላም ካለው ትምህርት ቤቷ አረፈደች። አድራሿ እኔ ነኝና ደነገጥኩ። ከቤታችን አጥር ጥግ ቀጭን የወይራ አርጩሜ ቆርጬ፣ ቅርፊቱን ልጬ፣ ለመምህርቷ በሁለት እጄ አቀረብኩላት። በእኔ ቤት ልጅቷን ከመምህርቷ ማስታረቄ ነው።

ልጅ እያለሁ ጅጋ ስንማር፣ ያረፈደ ልጅ መገረፊያውን ራሱ ቆርጦ ይመጣ ነበር። ከመጠን በላይ ከቀጠነ መምህሩ የራሳቸውን ያወጣሉ። በትምህርት ጭራ ብሆንም በአርጩሜ ምርጫ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም።

መምህርቷ፣ "አባቴ፣ እዚህ ልጅ አይገረፍም" ብላ አርጩሜውን ልጆቹ የተከሏት ቲማቲም መደገፊያ አደረገችው። ከዚያ በርከክ ብላ ሶልያናን ለምን እንዳረፈደች ጠየቀቻት።

"አባባ ከዘራውን ሲፈልግ ነው" አለች ልጅቷ ያለ አንዳች ፍርሃት። "ከዘራው ግን እጁ ላይ ነበር።"

ጥርሴ ያለቀው እኔ፣ ጥርሷ ገና በሚወልቅ ልጅ ቀናሁ። ቀለም በተቀባው ግድግዳ አይደለም የቀናሁት። በዥዋዥዌው ትንሽ ቀንቻለሁ፣ አልዋሽም። ያንገበገበኝ ግን "ለምን?" ተብላ መጠየቋ ነው። እኔን ለምን አረፈድክ ያለኝ አልነበረም። አንድ ቀን ያረፈድኩት ወንዝ ሞልቶብኝ ነበር።

ያን ቀን እርጥብ ልብሴን ለብሼ ስገባ፣ ዛሬ ከተገረፍኩ ነገ አልመለስም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ያኔ የሚገረፍ ልጅ በጠንካራ ልጅ ጀርባ ይታዘላል፤ የክፍላችን አዛይ ደሳለኝ ነበር። አዘለኝ። አርጩሜው ሲወርድ ግን ዞር እያለ በገዛ ትከሻው ይቀበልልኝ ጀመር።

"ጩህ እንጂ፣ ያውቁብናል" አለኝ በሹክሹክታ።

ጮህኩ፤ እንዲያውም አበዛሁት። በማግስቱም ተመለስኩ፣ እነሆ ጽሑፍ ለመሞነጫጨር በቃሁ። እሱ ራሱ ያረፈደ ቀን ግን፣ ከሁላችን ይከብድ ነበርና፣ የሚያዝለው ልጅ ጠፍቶ መሬት አስተኝተው ገረፉት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣም። ወንዙ በእሱም መንገድ ላይ ነበር።

ዛሬ በሶልያና የቀናሁት ለራሴ ብቻ አይደለም፣ ለእሱም ጭምር ነው። ደሳለኝ አሁንም ጅጋ አለ። ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ "አንተ፣ አንድ እዝል አለብህ" ይለኛል። ዕዳዬን አልክድም። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሁለታችንንም አሁን የሚያዝለን ከዘራ ነው።