ፍላሽ የተከለከለበት ክርስትና

የአጎቴን ልጅ ለመበቀል ሁለት ወር ጠበቅኩ። ሁለት ወር! እኔ ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ የማልችል ልጅ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ወሎ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነው። አባቴ ካዛንቺስ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ፎቶ ቤቱም አብሮ ፈረሰ። የተረፈው በካልሲ የተጠቀለለ አንድ ሌንስ ነው፤ ዕድሜው የኔን ሦስት እጥፍ ይሆናል። እኔ ደግሞ ሚረርለስ የሚሏት፣ ያገለገለች ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነበረችኝ። ሁለቱ እንዲሁ አይጋጠሙም፤ መሃላቸው አዳፕተር የሚባል የብረት ቀለበት ይገባል። ከኦሎምፒያ ገዝቼ ገጠምኩትና ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ላሳይ ይዤው ሄድኩ። ቁልፉን ስጫን ካሜራዋ አላነሳም አለች። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም።

የአጎቴ ልጅ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። ባምቢስ ቢሮ አለው፤ የቢሮውን ነገር ሳያነሳ ውሃ አይጠጣም።

«አንቺ፣ እሱ ሌንስ እኮ ጡረታ ወጥቷል» አለ እያጨበጨበ። «ቀበሌ ሄደሽ መሸኛ አውጪለት!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴም ሳቀ፤ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ማለቴ፣ በኔ አልሳቀም፤ በገዛ ሌንሱ ነው የሳቀው። ሲስቅ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

በማግስቱ ጥፋቱን አገኘሁት። አሮጌ ሌንስ ከካሜራ ጋር የሚነጋገርበት ነገር የለውም፤ ካሜራዋ ሌንስ መገጠሙንም አላወቀችም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ያለ ሌንስም እንድታነሳ አዘዝኳት። በቃ፣ ይህችው ናት! ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጨለማው ኮሪደራችን ላይ በየቀኑ ተለማመድኩ። ፎከሱ በጣት ነው የሚዞረው፤ ለጥቂት ካሳለፍሽው አፍንጫው ጥርት ይልና ዓይኑ ይጠፋል።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞላ። ክርስትናው ገና ሳይነጋጋ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ጠባብ፣ መስኮቱ የመሐረብ ያህል። እህቴ ፎቶ እንዲያነሳ የጠራችው የአጎቴን ልጅ ነበር። እኔን «አንቺ ልብሷን ያዢ» አለችኝ።

ቄሱ ፍላሹን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይህን መብረቅ አጥፋልኝ። የሕፃን ዓይን ነው።»

«አባ፣ አንዴ ብቻ...»

«ውጭ ወጥተህ አብራው።»

አጠፋ። ያለ ፍላሽ የሱ ሌንስ ብርሃን አያስገባም፤ ስክሪኑ ላይ የወጣለት ጥቁር ሰሌዳ ነው። የአባቴ ሌንስ ግን አፉን ወለል አድርጎ ነው የሚከፍተው፤ የጧፍ ብርሃን ይበቃዋል። ልብሱን ለአክስቴ አቀበልኩና ካሜራዬን አወጣሁ። የቄሱ ጣቶች፣ የክርስትና እናቷ ነጠላ፣ የእህቴ እንባ፣ ሁሉም ማር መስለው ገቡልኝ።

«እንዴ! ይሠራል እንዴ?» አለኝ የአጎቴ ልጅ በሹክሹክታ፣ አንገቱን አስግጎ።

«እሽ! ቤተ ክርስቲያን ነው» አልኩት። ያኔ ለተሰማኝ ደስታ ንስሐ መግባት አለብኝ፤ እስካሁን አልገባሁም።

ቄሱ ሕፃኗን ከውሃው ሲያወጧት፣ እሱ ከኋላቸው ቆሞ ያንን ጥቁር ስክሪን አፉን ከፍቶ ያያል። ጣቴ አላስቻለውም። ፎከሱን ከሕፃኗ ላይ አንስቼ እሱ ላይ አሳረፍኩት። ቀጭ!

ከሰዓት ፎቶዎቹን የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኳቸው። አባቴ አንድ በአንድ እያጎላ አየ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር አመሸ።

እህቴ ደወለች። «ከውሃው ስትወጣ ያለውስ? የታለ?»

ላክሁላት። ልጅቷ ነጭ ደመና ናት፤ የአጎቴ ልጅ ጥርስ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«አንቺ ክፉ! ሌላ የለሽም?»

«የለኝም።»

ስልኩን ዘጋችብኝ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። እውነቷን ነው፤ ያቺ ደቂቃ የልጇ ነበረች፣ እኔ ወሰድኩባት። ሕፃኗን ባቀፍኩ ቁጥር ትንሽ ይቆጠቁጠኛል። ፎቶውን ግን ስልኬ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ከፍቼ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።