ለዋዛ የተሠራ ጊታር

ጋሽ ማህጁብ በየማለዳው ከአልጋው ሳይወርድ የግራ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጫናል። ሌባ ጣት፣ ይሰማዋል። መሃል ጣት፣ ይሰማዋል። የቀለበት ጣቱ ላይ ሲደርስ ይቆያል፤ ጠንከር አድርጎ ይደግመዋል። ትንሿን ጣት መሞከር ከተወ ዓመት አልፎታል። ባለቤቱ ሀምዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ትጠይቀዋለች።

«ዛሬ ስንት ናቸው?»

«ሁለት ተኩል።»

ጣቶቹን የሚያደነዝዘው ስኳር ነው። አሶሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ቀኑን ሙሉ ፋይል ያወርዳል፣ ፋይል ይሰቅላል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ሳይቀመጥ ጫማውን ማውለቅ አይችልም። ጎረቤቱ ነኝና በአጥር በኩል «ጋሽ ማህጁብ፣ እንዴት ዋልክ?» እለዋለሁ። «ደክሞ፣ አልሐምዱሊላህ» ይለኛል። አማርኛን ትምህርት ቤት ስለተማረው ወንድና ሴት ይምታቱበታል፤ እኔን ሴቲቱን «አንተ» ይለኛል፣ ጊታሩን ደግሞ አንዳንዴ «እሱ»፣ አንዳንዴ «እሷ»።

ጊታሩ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ግቢው ውስጥ በነፋስ ከወደቀ የማንጎ ዛፍ ግንድ፣ በልኩ፣ በእጅ የተሠራ ነው። ያሠራው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣቶቹ ጨርሰው ሳይተዉት በአባቱ መንደር ዋዛ ውስጥ አብሮ ለመጫወት።

ዋዛ በበርታዎች ዘንድ የረጃጅም ቅል መለከቶች ጨዋታ ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን መለከት አንድ ሰው ይይዘዋል። ነፊዎቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ እያንዳንዱ በተራው ሲነፋ ነው ዜማ የሚሆነው። የመለከቶቹ ድምፅ በሱቅ ጊታር ላይ አይገኝም። ማህጁብ በወጣትነቱ በሠርግ ባንድ ሲጫወት ሞክሮት ያውቃል፤ ሁሌ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ይልበታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር በትእዛዝ የሚሠራ ደባልቄ የሚባል ሰው እንዳለ ሲሰማ ደወለለት።

«እኔ ጊታር ለዋዛ ነው የምፈልገው።»

«ለዋዛ?»

«አዎ፣ ለዋዛ ብቻ። ሌላ ሥራ የለውም።»

ደባልቄም፣ «ጋሼ፣ እኔ አንድ ጊታር ላይ አምስት ወር እለፋለሁ። ለዋዛ የሚሆን ከፈለግክ ሱቅ ሞልቶልሃል» ብሎ ስልኩን ዘጋበት።

ማህጁብ ተናዶ ለሀምዲያ ነገራት። «ሱቅ ሞልቷል ይለኛል! የዋዛ ጊታር በየትኛው ሱቅ ነው የሞላው?»

ሀምዲያ የምታጥበውን ልብስ ጥላ እስክታለቅስ ሳቀች። ስትጠራው በልጃቸው ስም ነው። «አቡ ነዕማ፣ ሰውዬው እኮ ለቀልድ ያልከው መስሎት ነው!»

ሠላሳ ዓመት በአማርኛ ደብዳቤ መሃል የኖረ ሰው ነው፤ «ዋዛ ፈዛዛ» ሲባል ሰምቶ ያውቃል። ግን ለእሱ ጆሮ ዋዛ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው መለከቱ ነው። አዝመራ እንደተሰበሰበ ፈቃድ ወስዶ በባምባሲ መንገድ ወደ መንደሩ ሄደ። አጎቱን ሙንታሲርን፣ የነፊዎቹን አለቃ፣ ለመነው፤ አሥራ ሁለቱንም መለከቶች ለየብቻቸው አስነፍቶ በስልኩ ቀዳ። ነፊዎቹ ብቻቸውን ነፍተው ስለማያውቁ አፍረው ይስቁ ነበር። ቅጂውን፣ ከወደቀው የማንጎ ግንድ ፎቶ ጋር፣ ለደባልቄ ላከለት። በማግስቱ ደባልቄ ራሱ ደወለ።

«ጋሽ ማህጁብ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ይሄን ስሰማ ነው ያደርኩት። ግንዱን በመኪና ላክልኝ።»

ጊታሩ ሲደርስ ከተማው ውስጥ ያሉት የጊታር ወዳጆች ተሰበሰቡ። አራት ናቸው፤ ሁሉም በትእዛዝ ያሠሩ። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የሂሳብ መምህርት፣ ትሩፋት የምትባል፣ በተከራየችው ቤት ግቢ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይገናኛሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ እንጨት፣ ስለ ክርና ስለ ፍሬቶች፣ አንገቱ ላይ ስለሚተከሉት የድምፅ መለያ ብረቶች፣ ያወራሉ፤ ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ። አንድ ጊዜ ጊታሮቻቸውን ተሸክመው ሽንኩርት ሻጯ ጋ ሄደው በየተራ አስመዝነዋል። የትሩፋት አራት ኪሎ ከግማሽ ሲሆን፣ «ይሄ ጊታር ነው ማገዶ?» ብላ ሻጯ አሳቀቻቸው። ትሩፋት ግን አልተቀየመችም። «ክብደቱ ነው ድምፁን የሚያስረዝመው» ብላ ለሻጯ ታስረዳት ጀመር፤ ገዢዎች ተሰልፈው እየጠበቁ።

የማህጁብን ጊታር ተቀባብለው አዩት። የማንጎው ቀለም፣ የአንገቱ ቅጥነት፣ ሁሉንም አስደነቃቸው። ትሩፋት ከድምፅ ማጉያዋ ጋር ሰክታ መታችውና ፊቷ ተኮማተረ።

«ጋሽ ማህጁብ፣ ይሄ ተሳስቷል። ፍሬቶቹ ያለ ቦታቸው ነው የተተከሉት።»

«ቦታቸው ነው።»

«ከእኛ ጋር አይገጥምም እኮ።»

«ከእናንተ ጋር እንዲገጥም አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ የሚሄደው ለማዳመጥ ነው። ጊታሩ በሠርግ አይጫወትም፣ ከባንድ ጋር አይጫወትም። በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገጥመው፤ ያ ቦታ ደግሞ ይቀበለው እንደሆን አላወቀም።

ባለፈው አዝመራ፣ ማሽላው እንደገባ፣ ጊታሩን በጀርባው፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ በትከሻው አንጠልጥሎ መንደሩ ሄደ። እግሩ ያቃጥለው ነበር። በነፊዎቹ ፊት ቆሞ አንዱን የዋዛ ዜማ ከዳር እስከ ዳር ብቻውን ተጫወተው። የቀለበት ጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ ቢሆንም ዜማው ዋዛው ራሱ ነበር። ሲጨርስ አንዱ ሽማግሌ መለከቱን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

«በሉ እኛ ቤታችን እንግባ። ማህጁብ ብቻውን ይወጣዋል።»

ሳቁ። ሙንታሲር አልሳቀም።

«ያ ማህጁብ፣ የአሥራ ሁለት ሰው ድምፅ ይዘህ መጣህ። እኛስ ምን እንንፋ?»

ማህጁብ ይህን ሲያወራኝ እንኳ መሬት መሬት ያይ ነበር። ይህን ጥያቄ አስቦት አያውቅም፤ አምስት ወር ሲጠብቅ፣ ደባልቄ ጋ በየሳምንቱ ሲደውል፣ ድምፆቹ ሁሉ እንዲገቡ ብቻ ነበር የሚያስበው።

«አንድ ውሰድ» አለው አጎቱ።

«አንድ ምን?»

«አንድ ድምፅ። ሰባተኛዋ መለከት ክረምት ላይ ተሰንጥቃለች፤ እንደሷ የሚል ቅል አላገኘንም። የሷ ድምፅ አንተ ጋ ነው ያለው። እሷን ያዝና ተራህን ጠብቅ። ሌላውን አትንካ።»

እንዲህ ሆኖ ገባ። ባለ ስድስት ክር፣ ባለ ሃያ አንድ ፍሬት ጊታር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሌባ ጣቱ አንድ ክር ይዞ፣ ከስድስተኛውና ከስምንተኛው ነፊ መሃል እስከ ቀኑ ዓሥር ሰዓት ዞረ። ቤቱ ተመልሶ በማግስቱ አልጋው ላይ ዋለ። ሀምዲያ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠበች ሰደበችው።

እሁድ ትሩፋት ቤት ሁሉም ይጠብቁት ነበር።

«እሺ፣ እንዴት ነበር? ስንት ዜማ ተጫወትክ?»

«ገባሁ» አላቸው። ሌላ አልጨመረም። ደክሞት ነበር።

ለእኔ በሌላ ቀን ሁሉንም ነገረኝ። ስጽፈው ስሙን እንድቀይር አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ የቀየርኩት። አንድ ነገር ብቻ፣ «ይሄን አትጻፍ፣ ልጄ» አለኝ።

የአምፕሊፋየሯ ባትሪ ያለቀው ገና በሁለተኛው ዙር ነበር። ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት ተራው ደረሰ፤ ክሩን መታ፤ በመለከቶቹ መሃል ምንም አልተሰማም። ስምንተኛው ነፊ ግን አልቀደመም። የአንድ ድምፅ ያህል ጠበቀውና ነፋ። እስከ ዓሥር ሰዓት እንደዚያው ዞሩ፤ እሱ የማይሰማ ክር እየመታ፣ እነሱ በየዙሩ እየጠበቁት።