ልጄ ውኃ ዳር የተከለችው እንጨት

ባለቤቴ ያረፈው በነሐሴ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ውኃ በሚለብስበት ወር። ኑሯችን ወረታ ከተማ ቢሆንም የተወለደው ቁሐር ሚካኤል ነበርና እናቱና አባቱ ካረፉበት እንዲቀበር አደራ ብሎኝ ነበር። አስከሬኑን በመኪና ወሰድነው፤ መንገዱ ያለቀበት ላይ ደግሞ ወንዶቹ ቃሬዛውን በትከሻቸው ተሸክመው ውኃ ውስጥ ገቡ። እኛ ሴቶቹም ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተከተልን። ውኃው ጉልበት ድረስ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ወገብ ይነካል።

ልጄ አልገባችም። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እጇን ይዤ ብስባት እግሯ ከጭቃው አልነቀል አለ። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። “እማየ፣ አልችልም” ብቻ አለችኝ። ሰዎቹ “ተያት፣ ልጅ ናት” አሉኝና ከአንዲት አሮጊት ዘመዳችን ጋር ትቻት ሄድሁ። አባቷ አፈር ሲለብስ ሳታይ ቀረች። ስንመለስ እዚያው የተውኋት ቦታ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ጫማዋ በጭቃ ተውጧል።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት እንዴት ብዬ እንደምጽፋቸው አላውቅም። እኔ በሐዘኔ ውስጥ ነበርሁ፤ እሷ ግን በሌላ ነገር ውስጥ ነበረች። ከቤታችን ፊት ካለው ሱቅ ብቻዋን ሄዳ ጨው መግዛት አቆመች። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙበት አደባባይ ላይ ስንደርስ፣ በባጃጁና በጭነት መኪናው መካከል፣ የነጠላዬን ጫፍ እንደ ሕፃን ትጨብጣለች። አስተማሪዋ ጠርታ፣ “መልሱን ታውቀዋለች፤ ደብተሯ ላይ ጽፋው አየዋለሁ። ስጠይቃት ግን ድምጿ ይጠፋል” አለችኝ። ለምን እንደሚጠፋ እኔ አውቅ ነበር። ልጄ ራሷን “አባቷን ውኃ ዳር የተወች” አድርጋ ቆጥራ ነበር። ይህን አንድም ቀን በአፏ አላለችውም።

እኔ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ ልጆቻችን በአንድ ክፍል ነው የሚማሩት። በጥር አንድ ቀን ሱቋን ለልጇ ትታ መጣችና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች።

“የኔዋ ልትሄድብኝ ነው” አለች።

“ወዴት?”

ነገረችኝ። ከጣራ ገዳም ወዲህ ባለው ኮረብታ ላይ አንድ ቤት አለ። ከየከተማው የመጡ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት እዚያ እየኖሩ ይማራሉ። ጠዋት ጠዋት እንደማንኛውም ተማሪ ሒሳባቸውንና ሳይንሳቸውን ይማራሉ። ከሰዓት በኋላ ግን በጫካው ውስጥ ይጓዛሉ፣ ገደል ይወጣሉ፣ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ ጣና ወርደው ታንኳ ይቀዝፋሉ። የሚበሉትን የሚያበስሉት ራሳቸው ናቸው።

“ያንቺን ካልወሰድሁ አልሄድም ብላ ቤቱን አተራምሳዋለች” አለችኝ።

“የአባቷ ዓመት ሳይሞላ?”

“ለአባቷ ጥቁር የለበስሽውስ አንቺ ነሽ፣ እህቴ። እሷ የለበሰችው ፍርሃት ነው። እሱን ማን ያውልቅላት?” ከዚያ ደግሞ ሳቅ አለች። “ደግሞም የኔዋ ሩዝ ታሳርራለች። የሰው ልጅ እንዳይራብ ያንቺ ትኑርበት።”

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሲሰማ ተቆጣ። “ሴት ልጅ ገደል ልትወጣ? ዝንጀሮ ልታደርጊያት ነው?” አለኝ። እኔም በልቤ ወደ እሱ አደላሁ። አንድ ልጅ ናት የቀረችኝ። ግን ከመወሰኔ በፊት የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር፤ እንዲከለክሉኝም ፈልጌ ነበር።

“እኔ ለትምህርት ከቤት ስወጣ ከእሷ አንስ ነበር” አሉኝ። “ቁራሽ ስለምን ውሻ አባሮኛል፤ በዝናብ ደጀ ሰላም ውስጥ አድሬያለሁ። እናቴ ስትሸኘኝ ያለቀሰችውን ልቅሶ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ባታለቅስ ይሻል ነበር አልልሽም። ብታስቀረኝ ግን ዛሬ አንቺ መጥተሽ የምትጠይቂው ሰው አልነበረም።”

“አባ፣ ውኃ ትፈራለች።”

“እንግዲያ ጠይቂያት” አሉኝ። “እኔ ዘንድ ድረስ ምን አደከመሽ?”

ጠየቅኋት። “ውኃ አለ?” አለች።

“ጣና አለ።”

“ካልፈለግሁ ገፍተው ያስገቡኛል?”

ስልክ ደውዬ የቤቱን ኃላፊ መምህርት ጠየቅኋት። “ማንንም አንገፋም” አለችኝ። “‘ዛሬ አልገባም’ ብሎ በድምፅ መናገርም አንዱ ትምህርታችን ነው።” ይህን ለልጄ ስነግራት ተነሥታ ከአልጋው ሥር የአባቷን የጎማ ቦት ጫማ አወጣች። ለእሷ መርከብ ነው። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ እግሯን ከተተች። ጎረቤቴ አይታ፣ “ይኼ ሁለት ሰው ይይዛል፤ የኔዋንም አሳፍሪያት” አለች። ልጄ ፈገግ አለች። እሺ ያልሁት ያን ፈገግታ ሳይ ነው።

በየካቲት ሄደች። ስልክ የሚፈቀድላቸው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ያለቀሰችውን አልረሳውም። “እማየ፣ ነይና ውሰጂኝ። ሁሉም ሰው ይችላል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማልችለው።” ስልኩን እንደዘጋሁ ነጠላዬን ለበስሁ፤ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

“የኔዋም አልቅሳለች” አለች። “የሁሉም እናት ልጇን ልታመጣ ብትነሣ እዚያ ቤት ማን ይቀራል? ጫማሽን ስጪኝ።”

ሰጠኋት። እስከ ማታ ሱቋ ውስጥ ደብቃ አዋለችው፤ እኔም ቤቴ ውስጥ በነጠላ ጫማ ስመላለስ ዋልሁ። ስለዚያ ቀን ዛሬም ድረስ አመሰግናታለሁ።

ቀጥሎ ባሉት እሑዶች ወሬው እየተለወጠ ሄደ። ሽንኩርት አልበቃቸውም። ቁልቁለት ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተልጧል፤ ስትወድቅ የሳቀው ልጅም ቀጥሎ ወድቋል። ታንኳ ላይ አልወጣችም። ከዚያ ደግሞ፣ ታንኳው ዳር ላይ ታስሮ ሳለ ተቀምጣበታለች። ከዚያ ትንሽ ቀዝፋለች። “ሞቅ ያለ ነው ውኃው” አለችኝ፤ ስለ ሰው የምታወራ ይመስል።

በግንቦት ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠይቁበት ቀን ነበርና ሄድሁ። ልጆቹ በየተራ በቀን አንድ መሪ ይሆናሉ፤ ያን ቀን ተራው የእሷ ነበር። መሪ ማለት ፊት ፊት የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር። የእነሱ ሕግ ሌላ ነው፤ መሪው ከፊት ይሄድና በየመካከሉ ቆሞ ወደ ኋላ መጨረሻ ያለውን ሰው “አለህ?” ብሎ ይጣራል። መጨረሻ ያለው “አለሁ” ካላለ ማንም እግሩን አያነሣም። ዳገቱ ላይ የመጨረሻዋ እኔ ነበርሁ፤ ሳንባዬ ሊፈነዳ ደርሷል። ከላይ የልጄ ድምፅ መጣ፤ የጠፋው ድምፅ፣ ወፍራምና ግልጽ ሆኖ። “እማየ፣ አለሽ?” መልስ የሰጠኋት ልቅሶዬን ከዋጥሁ በኋላ ነው።

መምህርቷ አንድ ነገር ነገረችኝ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ከቤታቸው የሚያውቁትን አንድ ነገር ለሌሎቹ ያስተምራሉ። ልጄ “ምንም አላውቅም” ብላ ወራት አሳለፈች። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ከቤቱ በታች ያለው ወንዝ ሲሞላ ልጆቹ እንሻገር አሉ። ልጄ ቅርንጫፍ ሰብራ ውኃው ጠርዝ ላይ ተከለችና በላዩ ሣር አሰረች። ሣሩ ከተዋጠ ውኃው እየጨመረ ነው፤ ከእንጨቱ ሥር ጭቃ ብቅ ካለ እየቀነሰ ነው። “አባየ በክረምት ወደ ቁሐር ሲሄድ እንዲህ ያደርግ ነበር” አለቻቸው።

መምህርቷ ይህን የነገረችኝ ስለ እንጨቱ ብልሃት ብላ ነው። ልጄ ከቀብሩ ወዲህ “አባየ” የሚለውን ቃል ተናግራ እንደማታውቅ አልነገርኋትም ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጠቁራ፣ ረዝማ መጣች። ነሐሴም መጣ፤ የባለቤቴ ሙት ዓመት። ዳቦውን ጋግረን፣ ጠላውን ጠምቀን፣ ለቄሱ ነግረን ወደ ቁሐር ሚካኤል ተነሣን። የባለቤቴ ወንድም፣ ሸክሙን የያዙ ጥቂት ዘመዶች፣ እኔና ልጄ። ጎረቤቴም “ለቀብሩ አልቀረሁ፣ ለዚህም አልቀርም” ብላ አብራን ነበረች። መንገዱ ያለቀበት ስንደርስ ሰማዩ ብሩህ ነው። ሜዳው ግን ውኃ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከወዲያ ማዶ ከዛፎቹ መካከል እንደ ደሴት ይታያል። ውኃው ከሚወርድበት ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተቆልሏል።

የባለቤቴ ወንድም ሱሪውን ጠቀለለ። “ከብት የጠበቅሁበት መንገድ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ተከተሉኝ!”

ልጄ ቆመች። እዚያው ቦታ፣ እንደ አምናው። የወጣችው ዳገት፣ የቀዘፈችው ታንኳ፣ የእኔ ብቸኝነት፣ ሁሉ ለከንቱ ሆነ አልሁ። እጇን ልይዝ ስጠጋ ግን ጎንበስ አለች፤ ከመንገድ ዳር አጥር ያወጣችውን እንጨት ውኃው ጠርዝ ላይ እየተከለች ነበር። ሣር አሰረችበት።

“ጋሼ፣ ይጠብቁ” አለች። ሁሉም ሰማት።

“ምን?”

“ውኃው እየጨመረ ይመስለኛል። ትንሽ እንየው።”

“ቄሱ ቆመው እየጠበቁን! ተራራ ወጥታ መጣችና ውኃ ታስተምረን ጀመር!” ዘመዶቹ ሳቁ። “ማን መሪ አደረገሽ?”

ልጄ አንገቷን አልደፋችም።

“ማንም አላደረገኝም፣ ጋሼ። ግን እርስዎም እማየም ልትገቡበት ነው። ያ ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ አሁን ሩዝ ነው፤ ቦይ ቆፍረውበታል። ቦዩ የት እንዳለ ከላይ አይታይም።”

እሱ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ጎረቤቴ እንጨቱን በጣቷ አሳየችው። የታሰረው ሣር የለም፤ ውኃው ውጦታል። እሱም ከውኃው ዳር ወደ ኋላ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ እንጨቱን አየ።

“ይኼን ማን አሳየሽ?”

“አባየ።”

“ለእሱ ደግሞ እኔ ነበርሁ ያሳየሁት” አለ ቀስ ብሎ። “እኔ ራሴ ረስቼው ነው።” የዳቦውን እንቅብ ካስቀመጡበት አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ለቄሱ ደወልን። የባለቤቴ ወንድም በአፍረት ሲያስረዳ፣ “ኧረ ቀስ ብላችሁ ኑ፤ እኔ ተቀምጫለሁ፤ ሟቹም እንደሆን አይቸኩልም” ሲሉት እስከ እኔ ተሰማ። ጎረቤቴ ከቦርሳዋ ቴምር አውጥታ አደለችን። “ሚካኤልም ዋኝታችሁ ኑ አላለም” አለች። በባለቤቴ ሙት ዓመት፣ ያን ሁሉ ያለቀስሁበት ውኃ ዳር ተቀምጬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ደግሞ አለቀስሁ፤ ማንም አልከለከለኝም።

ከሰዓት በኋላ ከእንጨቱ ሥር ጭቃ ብቅ አለ። ተነሣን። ልጄ እንጨቱን ነቅላ፣ በከብቱ መንገድ ሳይሆን ከፍ ባለው የሩዝ ማሳ ድንበር በኩል ዞራ፣ ከውኃው ሥር ያለውን መሬት በእሱ እየወጋች ወሰደችን። አንድ ቦታ ላይ እንጨቱን ወደ ጎን ስትሰደው እስከ እጇ ገባ። የባለቤቴ ወንድም አየና አማተበ። ከኋላዋ ሆኜ ክንዷን ያዝሁ።

“ፈራሽ?”

“አዎ” አለችኝ ዞር ሳትል። “አሁንም እፈራለሁ፣ እማየ።”

ሳትፈራ ትመጣለች ብዬ ነበር የላክኋት። ፈርታ የምትናገር፣ ፈርታ የምትራመድ ልጅ ነው የመለሱልኝ፤ እኔ ለመለመን እንኳ ያላወቅሁትን። ለዚያ ቤት መምህራን፣ ላልከለከሉኝ የንስሐ አባቴ፣ ጫማዬን ለደበቀችው ጎረቤቴ የማቀርበው ምስጋና በዚህ ምክንያት ነው።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ለብቻዋ ቀረበች። ሣር በቅሎበታል። የአባቷ ቦት ጫማ እግሯ ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ የነበረው ጨርቅ ወጥቶለታል። “ዘገየሁ፣ አባየ” ስትል ሰማኋት። የባለቤቴ ወንድም ከኋላዋ ቆሞ፣ “ጠብቆሻል” አላት።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ስንመለስ ፀሐይ ወደ ጣና አዘንብላ ነበር። ማንም ሳያዝ ሁሉም ከኋላዋ ተሰለፈ፤ አጎቷም ሁለተኛ ሆኖ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወደ መቃብሩ ዞር ብዬ ሳይ ዘግይቼ መጨረሻ ቀረሁ። ድንበሩ መካከል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሰዎቹም ቆሙ።

“እማየ፣ አለሽ?”

“አለሁ” አልኋት።