እህቴ ገሳይ ልብስ ሰፊዋ

የአማርኛ መምህራችን ዛሬ ጠዋት «ጽሑፍሽ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ይወጣል» አሉኝ። የምሆነውን አጣሁ። እረፍት እስኪደወል አላስቻለኝም፤ ወጥቼ ለአክስቴ ደወልኩላት። ታሪኩ የእሷ ነው፤ እንድጽፈውም የፈቀደችልኝ እሷ ናት።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ከዓረብ አገር እንደተመለሰች ይፋግ የሚኖር አንድ ሰውዬ አጭቷት ነበር። ጠባዩን አይታ እጮኝነቱን ስታፈርስ «የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ» አላት። እሷም ሲሟን ቀይራ ገሳይ ሄደች፤ ቤት ተከራይታ ልብስ መስፋት ጀመረች። ያለችበትን የምናውቀው እዚህ ደብረ ታቦር ያለን እናቴና እኔ ብቻ ነበርን።

ሰውዬው አዲሱን ቁጥር ከአንድ ዘመድ አግኝቶ ሲደውልላት እንኳ «ያለሁበትን አያውቅ፣ ምን ያመጣል» ብላ ንቃው ነበር። አንድ ቀን ግን መልእክት ላከባት። «የገሳይ ብርድ እንዴት ነው? ስፌቱስ ያዋጣል?»

ወዲያው ለእናቴ ደወለች።

«እታለም፣ ለማን ነገርሽ?»

«በመድኃኔዓለም፣ ለማንም።»

«ታዲያ ነፋስ ነገረው?»

እናቴ ስልኩን አስቀምጣ ምሳዋን ሳትነካው ዋለች። ሁለቱ እህትማማቾች ሲጠራጠሩ ማየት ከሰውዬው በላይ አስፈራኝ።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ስልኳ ላይ የማይታወቅ ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳይ አፕ አላት። የአክስቴን ቁጥር አስገባችበት። «እህቴ ገሳይ ልብስ ሰፊዋ» የሚል ወጣ። እናቴ ሰው ሴቭ የምታደርገው እንዲህ ነው፤ ስማቸው አንድ የሆነ ዘመዶች ስለበዙባት በዝምድና፣ በአገርና በሥራ ትለያቸዋለች።

ቤት ሮጬ ስልኳን ከፈትኩት፤ ያው አፕ እሷም ጋ አለ። «እማ፣ ይኼን አፕ ስልክሽ ላይ ማን ጫነው?»

«ስልክ የሚጠግነው ሰውዬ ነዋ፤ እንግዳ ቁጥር እየደወለ ሲያስቸግረኝ። የጠየቀኝን ሁሉ እሺ አልኩት። እምቢ ሲሉት አይከፍትም።»

አፑ የጠየቃት ያስቀመጠቻቸውን ቁጥሮች በሙሉ ከነስማቸው እንዲወስድ ነበር፤ ቁጥሩን ላስገባ ሁሉ፣ ለይፋጉ ሰውዬም፣ እሷ የጻፈችውን ያሳያል።

«ለራሴ የጻፍኩትን?» አለች። ከዚያ ለአክስቴ ደውላ እያለቀሰች ነገረቻት።

አፑን አጠፋሁት። የአፑን ባለቤቶችም ቁጥሩን ከእነሱ ዘንድ እንዲያወጡት ጠየቅን፤ ይውጣ አይውጣ ግን የሚነግረን የለም። አክስቴ ለፖሊስ አመልክታ የስፌት መኪናዋን ይዛ ከገሳይ ወጣች። የት እንደገባች እዚህ አልጽፍም። ብዙም ሳይቆይ አከራይዋ ለእናቴ ደወለች። «አንድ ሰውዬ ‹ልብስ ሰፊዋ የት ሄደች?› እያለ መጥቶ ነበር» አለች። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

አሁንም የማናውቀው ቁጥር ሲደወል እንተያያለን፤ እስኪቋረጥ አንተነፍስም።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን ስልክ አስፈቅዳችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ባለቤቶቹም ቢመጡ ደስ ይለናል። የትኛው አፕ ቁጥሮቻቸውን እንደሚያይ አብረን ፈልገን እንከለክለዋለን። እናቴም ትመጣለች፤ ለሚፈራ ሰው «እምቢ» የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ እሷው ታሳያለች።