ከላይኛው ቤት የሚጀምር ውሃ

ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም። አክስቷ ፀጉሯን ልትሠራት ጉልበቷ መካከል ስታስቀምጣት፣ አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው ይፈታ ነበር። «ይቺስ ቁንጥንጥ ናት እንጂ ልጅ አይደለችም» አለች አክስት አንድ ቀን፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ዛሬ ምህንድስና ተምራ፣ የራሷን ሥራ ከፍታም፣ ደንበኞቿ ሳይቀሩ ቁንጥንጥ ይሏታል። እሷም አቤት ትላለች።

ያሳደገቻት ይህችው አክስቷ ናት። አክስት ልብስ አጣቢ ናት። ዳገቱ ጫፍ ላይ ባለው ቤቷ ጓሮ የአንድ እንግዳ ማረፊያን አንሶላና የትራስ ልብስ ታጥባለች። በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። አንዱን ቀን ጠዋት፣ ሌላውን ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሲያኮርፍ ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶ ይሰነብታል። ስለዚህ አክስት በርጩማዋን ቧንቧው አጠገብ አድርጋ፣ አንድ ጆሮዋን ለሰው፣ አንድ ጆሮዋን ለቧንቧው ሰጥታ ትኖራለች። ጎረቤት ሲያጫውታት እንኳ ድንገት እጇን ታነሳና «ቆይ እስቲ!» ትላለች። ሰውየው ወሬውን ውጦ ይጠብቃል። ቧንቧው ዝም። «በል ቀጥል» ትለዋለች።

በዚህ ዓመት የአክስት ታላቅ እህት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አልጋ ላይ ዋለች። አክስት ልትጠይቃት ለባብሳ እስከ አጥሩ በር ትሄድና ትመለሳለች። እሷ በሌለችበት ውሃው መጥቶ ቢሄድ አንሶላው ሳይታጠብ ይቀራል፤ አንሶላው ከቀረ እንግዳ ማረፊያው ሌላ አጣቢ ይፈልጋል። «ነገ እመጣለሁ» ትላለች በስልክ። እህቷም «ነገሽ አያልቅም እንዴ?» ብላ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄደ።

ቁንጥንጥን እረፍት የነሳት ይኸው ነው። ከአንድ በያጅ ጋር ለሥራ በተከራየችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብድግ እያለች፣ የያዘችውን ሽቦ አንዴ ጥርሷ ላይ አንዴ ጆሮዋ ላይ እየሰካች፣ አንዲት ሳጥን ሠራች። ሳጥኗ ከሳሙና አትበልጥም። ቧንቧ ላይ ትታሰራለች። ውሃ ሲደርስ የሚያውቅ ሴንሰር፣ ሲም ካርድና ቧንቧውን የምትከፍት ትንሽዬ ሞተር አላት። ውሃው ሲመጣ ለባለቤቱ ትደውላለች፣ ራሷ ትከፍታለች፣ በርሜሉ ሲሞላ ራሷ ትዘጋለች።

ለአክስቷ ግን ወዲያው አላስገባችላትም። «ለእቴቴ እንከን የሌለባት ትሁን» ብላ መጀመሪያ በጎረቤት ላይ ሞከረቻት። ከዳገቱ ሥር ያለው ባለዳቦ ቤት ቀድሞ ገዛ። ከዚያ ባለጋራዡ ገዛ፣ ከዚያ ነርሷ፤ ሳጥኗ በር በበሩን እያለች ዳገቱን ወጣች። ቁንጥንጥ ደግሞ ፍጥነት ነው ያሳበዳት። ውሃው በደረሰና ቧንቧው በተከፈተ መሃል ያለውን ጊዜ እየሸረፈች፣ እየሸረፈች፣ ምንም አላስቀረችም።

«ትንሽ ብትሰንፍ ምን ይላታል?» አላት በያጁ። «ከሳጥኗ ጋር እሽቅድምድም የገባሽ ነው የሚመስለው።»

«አንተ የብየዳ መነጽርህን ፈልግ።»

«ግንባሬ ላይ ነው።»

«ያውልህ፣ እሱን ለማግኘትም ፍጥነት ያስፈልጋል።»

በመጨረሻ የአክስት ቧንቧ ላይ የመጨረሻዋ ሳጥን ታሰረች። አክስት ልብሷን ለብሳ ተዘጋጀች፤ «ግን አንዴ ስትሠራ በዓይኔ ልያትና እሄዳለሁ» አለች። ብዙም አልቆየ። ከታች ጀምሮ በየግቢው ስልክ ተንጫረረ። የአክስትም ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ቧንቧው ላይ ተደፉ። ሳጥኗ ቀጭ አለች፤ ቧንቧው አንዴ አሳለው፣ ጉንጭ የምታህል ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ደረቀ።

ጠበቁ። ምንም የለም።

አክስት ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀች። «ድሮ ሰዉ ቧንቧውን ዘግቶ ሥራ ይውል ስለነበር ለእኔ ይተርፈኝ ነበር» አለች። አልተቆጣችም። ቁንጥንጥን ያንገበገባት አለመቆጣቷ ነው፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ጨርቄን ማቄን ሳትል ቁልቁል ሮጠች። በእያንዳንዱ አጥር ሥር ቆም እያለች ጆሮዋን ጣል አደረገች። በነርሷ ግቢ በርሜሉ ይንፎለፎላል። በባለጋራዡም። ባለዳቦ ቤቱ ዘንድ ቤት የሚያህል ታንከር እየተሞላ ነው። ሳጥኖቿ አንድም ሳይቀር ሠርተዋል፤ ሁሉም እኩል አፋቸውን ከፍተው ውሃውን ከዳገቱ ወገብ በታች ጨርሰውታል። ከመጣደፏ የተነሳ አክስቷን በገዛ እጇ አስጠማቻት።

ከዚያ በኋላ ምግቡም አልጣማት፣ ወንበሩም አልበጀላት። በያጁ ሻይ ሲያቀርብላት ብርጭቆውን ይዛ ክፍሉን ትዞረዋለች። ይህን ያህል ያፈጠነቻትን ሳጥን አሁን መጠበቅ ልታስተምራት ነው፤ ለራሷ ያልሆነላትን። ሳጥኖቹ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ አደረገች። ውሃ ሲመጣ የታችኞቹ ተዘግተው ይቆያሉ፤ ላይኛው በርሜል ሲሞላ ከሥሩ ላለው ቤት ተራውን ይለቃል፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መሃል ላይ ውሃው ከተቋረጠ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካቆመበት ቤት ይጀምራል።

ችግሩ ይህን ለባለዳቦ ቤቱ መንገር ነው። ዱቄት የነካካው ክንዱን አጣጥፎ ሰማት።

«እንግዲህ ውሃው በእኔ ደጅ እያለፈ ሲያፏጭብኝ፣ እኔ ከደረቅ ሊጥ ጋር እተያያለሁ ማለት ነው?»

«ታንከርዎ ትልቅ ነው፣ ጋሼ። ለጥቂት ቀን ይበቃዎታል።»

«አክስትሽን ልታጠጪ ነው አይደል?»

«አዎ።»

ብትክድ ኖሮ ለመቆጣት ይቀለው ነበር። ሳቅ ቀደመው። «ምን ዓይነቷ ናት፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም! በይ አንድ ጊዜ ሞክሪ። ዳቦዬን ካስተጓጎልሽ ግን ሳጥንሽን ከቧንቧዬ ነቅለሽ ትበያታለሽ።»

«ዱቄት ነስነስ ተደርጎባት ነው?» አለ አብሯት የመጣው በያጅ ከበሩ።

አክስት ግን በዋዛ የምትሄድ አልሆነችም። እስከ አጥሩ በር ሄዳ ተመለሰች፣ እንደገና ሄዳ ቁልፍ ረሳሁ ብላ ተመለሰች። «እኔ እዚህ በርጩማሽ ላይ እቀመጣለሁ» አለች ቁንጥንጥ።

«አንቺ? አንቺ ልትቀመጪ?»

«በሞቴ ሂጂ፣ እቴቴ።»

አክስት ለሦስተኛ ጊዜ አልተመለሰችም።

ቁንጥንጥ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ተራውን ሳጥኖቹ ብቻ እንዲጠብቁት፣ ቧንቧውን በእጇ ላትነካ ለሰፈሩ ቃል ገብታለች። ተነሳች፣ የተሰጣ አንሶላ አስተካከለች፣ ተቀመጠች። አክስቷ ስንት ዓመት እንዲህ እንደዋለች አሰበችና በርጩማውን ወደ ቧንቧው አስጠጋችው። ፀሐይዋ ከግድግዳው ዘቅዘቅ ስትል ስልኳ ጮኸ። ሳጥኗ መስላት ዘለለች፤ ባለዳቦ ቤቱ ነው።

«መጣ! በደጄ እያለፈ ነው፣ እሰማዋለሁ! ልክፈተው?»

«በእናትዎ ይታገሡ!» አለች። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የአክስት ሳጥን ቀጭ አለች። ቧንቧው አሳለ። የቁንጥንጥ እጅ ወደ ቧንቧው ተዘርግቶ መንገድ ላይ ቀረ። እንደገና አሳለ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ውሃው በርሜሉ ግርጌ ላይ እንደ ከበሮ መታ።

አክስቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ሳጥኗም ደውላ ነበር፤ እሷንም አላነሳችላትም። ደጋግማ ስትሞክር የታመመችው እህት አነሳች።

«ቀስ በይ፣ ትቀሰቅሺያታለሽ» አለች በሹክሹክታ። «እያወራችኝ እንቅልፍ ጣላት። እግሬ ሥር ጥቅልል ብላለች። ተያት ትተኛ።»

ቁንጥንጥ ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋች። በርሜሉ ሞልቶ ሳጥኗ ስትዘጋ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት በርሜል ሲንፎለፎል ተሰማ። ከዚያ መቀመጥ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ድምፁን ተከትላ ከግቢ ግቢ ቁልቁል ወረደች። ውሃው ከነርሷ አለፈ። ባለጋራዡ ዘንድ ግማሽ በርሜል ላይ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ።

ባለዳቦ ቤቱ ደጁ ላይ ቆሞ አያት። ቧንቧው ላይ ያለችውን ሳጥን አየ፣ እንደገና እሷን አየ።

«ባለጋራዡ ጋ ቆመ?»

«እሱ ጋ። በሚቀጥለው የእሱ ግማሽ እንደሞላ፣ ወዲያው እርስዎ ነዎት።»

«ሴትዮዋስ ሄደች?»

«ሄደች። እዚያው ተኝታለች።»

ባለዳቦ ቤቱ ራሱን ነቀነቀ። ታንከሩን በጣቱ አንኳኳና ምን ያህል እንደቀረው አዳመጠ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ወንበር አወጣላት። «እንግዲህ ቁጭ በይ፣ እኔም ጠባቂ ሆኜልሻለሁ» አለ።

ተቀመጠች፤ እግሯ ግን አልተቀመጠም።