የአቡጀዴዋ ጣውንቴ

ቀናተኛ ነሽ ብትሉኝ አልክድም። እናቴም «አንቺ ልጅ፣ ጥላሽ ቀድሞሽ ቢሄድ ትቀኚበታለሽ» ትለኝ ነበር። ግን ሰው የሚቀናው በሥጋ ለባሽ ነው፤ በጎረቤት፣ በውሽማ፣ ሲብስ በገረድ። እኔ የቀናሁት በመብራት ነው። አቡጀዴ ላይ በምትንቀሳቀስ ሴት፣ ያውም መተማ የሚባል አገር መኖሩን እንኳ ባልሰማች የግብፅ ሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰሊጡ ተራግፎ ገበያው ሲሞቅ፣ ከገዳሪፍ አንድ የጭነት መኪና ሲኒማ ይዞ ገላባት መጣ። ገላባት ከኛ ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ነው፣ እንግሊዝ የሚገዛው። መካከሉ ላይ ያለው ኾር የሚሉት ወንዝ በበጋ ውሃ ስለሌለው በእግር ይሻገሩታል። ባሌ ሰሊጥና ጥጥ በግመል የሚያሻግር ነጋዴ ነበርና የይለፍ ወረቀት ነበረው፤ እኔም በሱ ወረቀት ተሻገርሁ። ከተጋባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም።

ሁለት ግንድ ተተክሎ አቡጀዴ ተወጥሯል። ወንዶቹ ከፊት ተቀመጡ፣ እኛ ሴቶቹ ከአቡጀዴው በስተጀርባ። እዚያ አገር ወንድና ሴት ተቀላቅሎ አይቀመጥም። ስለዚህ ሥዕሉን ያየነው ግራው ቀኝ ሆኖ ነው። ምን ቸገረን! ፊደሉን እንደሆነ ከፊትም ሆነን አናነበው። ሥዕሉ ድምፅ አልነበረውም፤ አንድ ሰው ቆሞ በዐረብኛ ይተርካል።

ከዚያ እሷ ብቅ አለች። የሙሽራ ልብስ ለብሳ ከደረጃ ትወርዳለች። ትከሻዋ ላይ ያለው ስስ ልብስ ሊንሸራተት ሲል፣ ሳታየው፣ በሁለት ጣቷ መለስ ታደርገዋለች። በቃ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት «ምነው፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?» ስትለኝ «ዝም በይ፣ ታመልጠኛለች» አልኋት። ቀድሜ የወደድኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይውሰድብኝ።

ቆየት ብሎ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወንዶቹ ጭጭ ብለዋል። ግመል ነጂ እንዲያ ጭጭ ሲል ደግ አይደለም። ተነሣሁና በግንዱ ጎን አንገቴን አሰገግሁ። ባሌ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይጫወታል። እንዲያ ያለ ፊት እሱ ላይ አይቼ አላውቅም። የሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲያ አድርጎ አላየኝም። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ከዚያ ወዲያማ የመተማ ወሬ እሷ ብቻ ሆነች። ገበያው መሐል ሱቅ ያላቸው ሐጂ ምስሏን አስመጥተው ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት። ሰው ሻይ ቅጠል ልግዛ ብሎ ገብቶ ሥዕል ሲያይ ይውላል። ልጃገረዶቹ ጉንጫቸው ላይ እንደሷ ያለች ጥቁር ነጥብ በዓይን ኩል ይጥሉ ጀመር። እኔስ? እኔም ጣልሁ እንጂ! ተኩዬ፣ ነጥቤን አሳምሬ ምሳውን አቀረብሁለት። ቀና ብሎ አየኝና «ጥላሸት ነክቶሻል፣ ጥረጊው» አለኝ። ወይ አለመታደል! ወጡን በራሱ ላይ ልደፋበት ምንም አልቀረኝ።

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ከሱቅ እየሮጠ መጣ።

«ሐጂ ምን አሉኝ መሰለሽ? ይቺ ሴት ነጅማ ናት አሉኝ።»

«ነጅማ ምንድን ነው ደግሞ?»

«በዐረብኛ ኮከብ ማለት ነዋ! ኮከብ ናት።»

እንግዲህ በኛ አገር ስለ ወንድና ሴት ሲወራ ኮከብ ከተባለ የሚገባን አንድ ነገር ነው። ሳይጋቡ በፊት ደብተራ ዘንድ ይኬዳል፣ የሁለቱ ስምና የእናቶቻቸው ስም በፊደል ይቆጠራል፣ ኮከባቸው ከገጠመ ይጋባሉ። የኔና የሱ አልተቆጠረም። አባቴ በዚያ በጣሊያን ግርግር «ልጄን ወንድ ያለበት ቤት ላስጠጋ» ብሎ በጥድፊያ ዳረኝ። እና «ኮከብ ናት» ሲለኝ፣ ኮከቧ ከኮከቡ ገጠመ ማለቱ መሰለኝ። ማን ቆጠረለት? የእናቷንስ ስም ማን ነገረው?

በነጋታው ደብተራው ዘንድ ሄድሁ። የኔንና የባሌን ስም ከነእናቶቻችን፣ የሷንም አገሩ የሚጠራውን ስሟን ነገርኋቸው።

«የእናቷስ?» አሉኝ።

ወደ ሐጂ ሱቅ በረርሁ። «ሐጂ፣ የዚህች የሲኒማዋ ሴት እናት ማን ይባላሉ?»

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንቺ ሴት፣ እሱን ካይሮ ያለውም አያውቀው! ምን ሊያደርግልሽ?»

«እንዲያው ነው» ብዬ ወጣሁ። ደብተራው ግን መላ አያጡም። «እናቷ ያልታወቀች በሔዋን ትቆጠራለች» አሉና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ።

«የሷ እሳት ነው። የባልሽም እሳት። ያንቺ ውሃ።»

«ገጠሙ ማለት ነው?»

«እንደ ሙቀጫና ዘነዘና።»

ያኔ ነው ያበድሁት። «እንግዲያው ኮከቧን ይጣሉልኝ!» አልኋቸው። አንገራገሩ፣ ለመንኋቸው፣ ኋላ በቁራጭ ብራና ጽፈው ከደጄ ሥር እንድቀብረው ሰጡኝ። ቀበርሁት። ማለዳ ማለዳ ረግጨው ስወጣ «ውደቂ!» እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሁዳዴ እንኳ አላረፍሁም።

በዓመቱ ሲኒማው ሳይመጣ ቀረ። በሁለት ዓመቱ፣ ጣሊያንና እንግሊዝ ሊዋጉ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ያ መኪና ደግሞ መጣ፤ ሐጂም «አለችበት» ብለው አወሩ። ባሌን ሦስት ቀን መቀመጫ አሳጣው። ጢሙን ተላጨ፣ አዲስ ጀለቢያ አሰፋ። ለኔ ተላጭቶ ያውቃል? ኧረ ወዲያ!

እንደ ወትሮው ከአቡጀዴው ጀርባ ተቀመጥሁ። ያሁኑ ሥዕል ይናገራል። አንዲት ለጋ ልጅ ተሞሽራ ከደረጃ ወረደች፤ አላወቅኋትም። ቀጥሎ እናትዮዋ ትሪ ይዛ ገባች። ጎበጥ ብላለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ከትከሻዋ ልብሷ ሊንሸራተት ሲል፣ ሳታየው፣ በሁለት ጣቷ መለሰችው።

እሷ ናት! ድምጿን ያን ቀን ገና ሰማሁት፤ ጎርነን ያለ፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ሁለት ጊዜ ተናገረች፣ ሁለቴም ልጅቱ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ደስ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው። ሠራ! ወደቀችልኝ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ግን ፈራሁ። ሰው በሁለት ዓመት እንዲህ ያረጃል? ሲኒማ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዓለም ሁሉ አይቶ ከጠገበው በኋላ መሆኑን፣ ያ የሙሽራው ሥዕል ያኔውኑ የስንት ዓመት አሮጌ እንደነበረ ማን ነገረኝ? ነጅማ ማለትም ዝነኛ የሲኒማ ሰው ማለት እንጂ የጋብቻ ኮከብ እንዳልሆነ የሰማሁት ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ያን ቀን የማውቀው እኔ እንደጣልኋት ብቻ ነው።

የባሌን ሐዘን ልይ ብዬ ተነሣሁ። በግንዱ ጎን አጮለቅሁ። ባሌ ምንም አላዘነም። ይጠብቃል። ሥዕሉ ውስጥ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። እሷ አቡጀዴውን ሙሉ ይዛው ቆማለች፣ እሱ በትከሻዋ አልፎ ከኋላዋ ይፈልጋታል።

ሲያልቅ ኾሩን ተሻገርን። እሱ ከፊት ከፊት አኩርፎ ይሄዳል።

«አልመጣችም» አለኝ።

«ማን?»

«አውቀሽ ነው? ሐጂ ዋሽተውኛል።»

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ መች ያስቀምጠኛል። «መጥታለች። እናትዮዋ እሷ ናት።»

ቆመ። «ያቺ ባልቴት?» አለና አሸዋው ላይ እስኪንገዳገድ ሳቀ። «በይ ተዪኝ! ልጅቱ ግን፣ አየሻት? ነገ ሐጂን ስሟን እጠይቃቸዋለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንሁት ይህን ሳቅ ነበር። እንዲስቅባት፣ እንዲንቃት። አሁን ሲስቅባት ግን እኔ ላይ የሳቀ መሰለኝ። ሃያ ዓመቴ ነው ያኔ። ጉንጬን በእጄ ዳሰስሁት።

«ስንት ዘመን ስሟን ስትጠራ ኖረህ፣ ከፊትህ ቆማ አላወቅሃትም» አልሁት። «እኔንስ? እኔም ሳረጅ ምሳህን ይዤ ከፊትህ ቆሜ፣ ሚስቴ ወዴት ናት ብለህ ልትጠይቅ ነው?»

ማልቀሴን ሰምቶ ተመለሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። ትከሻዬን አቀፍ አደረገና በደግ ድምፅ አባበለኝ።

«ሞኝ! አንቺማ ሚስቴ ነሽ» አለኝ። «አንቺን ደግሞ ምን ብዬ አይሻለሁ?»