አያ እንድሪስ መንገድ አልሳቱም

በአምባሰል ተራራ ላይ አብራችኋቸው ያደራችሁ፣ ከእጃቸው የበላችሁ፣ በውጫሌ ገበያ ሰላም ብላችኋቸው ያለፋችሁ ሁሉ፣ አያ እንድሪስ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ሰምታችኋል። ቀብራቸው በተወለዱበት መንደር፣ አርዲቦ ዳር ተፈጽሟል። እዚያው ቀብሩ ላይ «ሽማግሌው በጉም መንገድ ስተው ሞቱ» ተባለ፤ ወሬውም እንደተባለው ሆኖ ሐይቅና ደሴ ገባ። እኔ ግን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አያ እንድሪስ መንገድ አልሳቱም።

አስካለ እባላለሁ። ልጅ ወልጄ ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ከሳቸው ጋር ሆኜ፣ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ሳበስል ኖሬያለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ገደል በገመድ የሚወጡ ወጣቶች ከደሴም ከአዲስ አበባም ይመጣሉ። በቅሎ ጫኞች ዕቃውን ከውጫሌ ያወጡታል፤ ከገደሉ ሥር፣ ዛፉ አልቆ ጓሳ ብቻ በሚቀርበት ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል። የላይኛው ካምፕ የምንለው ይህን ነው። የካምፑ ኃላፊ በስም ሌላ ሰው ቢሆንም በተግባር ኃላፊው እሳቸው ነበሩ።

እዚያ ላይ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ምግቡ ግን አይበስልም። አያ እንድሪስ ምስሩን ከማታ ይዘፈዝፋሉ፤ የጋዙን ሲሊንደር ደግሞ በጋቢያቸው ጠቅልለው አቅፈውት ያድራሉ፣ ብርድ የበላው ጋዝ ጠዋት እሺ ብሎ አይነድማ። ሱብሒ ሰግደው ሲጨርሱ፣ እኛ ገና አፍንጫችንን ከብርድ ልብስ ሳናወጣ፣ ጄሪካን ውስጥ የጋገረውን ውሃ ሲደበድቡ እንሰማቸዋለን። «አብሽሩ፣ ፀሐይ ሐይቅን ተሻግራለች፣ ወደኛው እየመጣች ነው» ይሉናል። ስንወጣ ሁለቱም ሐይቆች፣ ሐይቅና አርዲቦ፣ ከታች ተኝተው ይታያሉ። አርዲቦን በጣታቸው እያሳዩ «ያቺ ትንሿ የኔ ናት፣ ትልቁን ለናንተ ትቼላችኋለሁ» ብለው ይስቁብናል።

አዲስ መጪ ሁሉ እንደደረሰ ወደ ገደሉ መሮጥ ያምረዋል። እሳቸው ግን ከፍታውን እስኪለምደው ሻይና ነጭ ሽንኩርት አስይዘው ያስቀምጡታል። «ተራራውን አትሩጡበት፣ የሚያሳድደን የለም» ነበር ቃላቸው። ሥጋም ካምፕ አያስወጡም። አንዱ ወጣት በግ ገዝተን እንውጣ ቢላቸው «ማን ይባርከው?» አሉት። «በግ ከወጣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ድስት ከተጣደ ሁለት ካምፕ ሆንን ማለት ነው። ሽሮህን ብላ፣ ወንድምዬ» አሉት። አኩርፎ ዋለ፣ ማታ ግን ሽሮውን ደግሞ በላ።

ስለ ኩባያው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው መያዣው ላይ የየራሱ ቀለም ክር የታሰረበት የቆርቆሮ ኩባያ አለው። ማታ አያ እንድሪስ በየኩባያው ሻይ ቀድተው ምግብ ከምናበስልበት የድንጋይ ካብ ላይ ይደረድራሉ። ከገደል የተመለሰ ሁሉ የራሱን አንስቶ ይጠጣል፣ ባዶውን በአፉ ይደፋዋል። ሞልቶ የቆመ ኩባያ ካለ እራት አይወጣም። «የቆመ ኩባያ ካለ ውጭ የቀረ ሰው አለ» ይሉና ባትሪያቸውን አንስተው ይወጣሉ። ለራሳቸው ኩባያ አልነበራቸውም፤ በማንቆርቆሪያው ክዳን ነበር የሚጠጡት። አንድ ኩባያ ያዙ እንጂ እያልኩ ስጨቀጭቃቸው «እኔ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ የቡድኑ መሪ የሆነው ቢኒያም ያኔ ገና ጀማሪ ነበር። አንድ ማታ ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያው ሞልቶ ቆመ። ጓደኞቹ «ራሱን አሞት ተኝቷል፣ ይተዉት» አሉ። «ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሼው እመጣለሁ» አሉና ወጡ። ድንኳኑ ባዶ ነበር። ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጎኑ የተቀመጡ ይመስል ከእናቱ ጋር ሲያወራ አገኙት፤ እናቱ አዲስ አበባ ናቸው። ከፍታው ልጁን አእምሮውን አስቶት ነበር። እሳቸውና በቅሎ ጫኙ አሊ እየተፈራረቁ አዝለው አወረዱት። ድኖ የተመለሰ ቀን እግራቸው ላይ ወደቀ። «ተነስ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል» ብቻ አሉት።

የሞቱበት ቀን እኔ አልነበርኩም፤ የምጽፈው አሊ የነገረኝን ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ፣ በረዶ ተከተለ። አያ እንድሪስ ሻዩን እንደ ልማዳቸው ቀድተው፣ ጄሪካን ይዘው ወደ ምንጩ ወርደዋል። ወጣቶቹ ከገደሉ ተመልሰው ሻያቸውን በቁማቸው ጨለጡ። ቢኒያም እንውረድ አለ። ድንኳን ተነቀለ፣ በቅሎ ተጫነ፣ ኩባያ ቦርሳ ላይ ተንጠለጠለ። አለን? ተባለ፣ አለን ተባለ። ወጣቶቹ አያ እንድሪስ ከጫኞቹ ጋር ቀድመዋል ብለው፣ ጫኞቹ ከወጣቶቹ ጋር ናቸው ብለው ወረዱ። ውጫሌ ላይ ጭነት ሲፈታ የአያ እንድሪስ ጋቢ ወጣ። ባለጋቢው የታሉ ብሎ የጠየቀ የለም። እራት በልተው ተኙ።

በማግስቱ ነገሩ ሲነቃ ፈልጎ የወጣው አሊ ነው። ያገኛቸው ወደ ውጫሌ በሚወርደው መንገድ ላይ አይደለም። ካምፑን አልፎ ወደ ገደሉ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፣ በብርድ ደርቀው፣ ባትሪው በእጃቸው እንዳለ። ጄሪካኑ ግን ሞልቶ ካቡ ሥር ተቀምጧል። ከምንጭ ተመልሰው ነበር ማለት ነው፤ ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው መውረዱንም አይተዋል። የመውረጃውን መንገድ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሄዱታል። ለምን ወደ ላይ ወጡ? አሊ ካቡ ላይ አየው፤ አንድ ኩባያ፣ ቀይ ክር ያለበት፣ ሻዩ እንደተቀዳ በረዶ ሆኖ ቆሟል።

ለቅሶ ቤት ቢኒያም ተነስቶ ተናገረ። «አባታችን ነበሩ» አለ፤ እንባው እውነተኛ ነበር፣ እሱን አልክድም። ቀጥሎ ግን «ዕድሜ ነው፣ ጉሙ አሳታቸው» አለ። ሲቀመጥ ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት።

«ያን ቀን ሻይህን ጠጥተህ ነበር?»

«የምን ሻይ?»

«ካቡ ላይ የቀረውን።»

ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። «ተቻኩለን ነበር፣ አስካለ» አለ።

ትቼው ወጣሁ፤ ንዴቱ እስካሁንም አልበረደልኝም። የዚያ ቡድን ልጆች፣ ይህን ካነበባችሁ አርዲቦ ውረዱና ለልጆቻቸው ንገሩ። አባታችሁ አልጃጁም፣ መንገድም አልሳቱም፣ ሰው ቀርቷል ብለው ሊፈልጉ ወጡ በሏቸው። የአባታቸውን ስም እንደነበረ መልሱላቸው። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።

አያ እንድሪስ፣ «እኔ የት እሄዳለሁ» ሲሉኝ አምኜዎት ነበር። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ። ኩባያውን አሊ አምጥቶልኛል፤ አጥቤ በአፉ ደፍቼዋለሁ። ቢኒያም ደህና ነው፣ ከእናቱ ቤት ገብቷል። ሁሉም ወርደዋል፣ ላይ የቀረ ሰው የለም። እንግዲህ ባትሪውን ያጥፉት።